አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ኦፕሬቲንግ ሲስተም፦ ጎተራው የጋራ፣ ምድጃው ለየብቻ

ባለፈው ክረምት ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ከስማዳ ወረዳ የመጡ አንድ የፊዚክስ መምህር፣ ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል የጠቀለሉትን ላፕቶፕ ይዘው ወደ ቢሮዬ ገቡ። «ዶክተር፣ ይህ ማሽን አብዷል። ያሳየሁት ሰው ሁሉ ‹ፎርማት ይደረግ› ይላል፤ እኔ ግን እጄ አልደፈረም» አሉኝ። እጃቸው ያልደፈረበት በቂ ምክንያት ነበራቸው። በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አንዲት የዝናብ መለኪያ ተክለው፣ ተማሪዎቻቸው በየዕለቱ ጧት በ3 ሰዓት ተራ ገብተው እያነበቡ የመዘገቡት የሦስት ዓመት ልኬት በሙሉ የሚገኘው በዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነው። ክረምቱ ጥቂት ሳምንት ሲዘገይ የገበሬው ጎተራ ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ የስማዳ ልጅ፣ ያ መዝገብ ከመመረቂያ ጽሑፍም በላይ ነው።

ላፕቶፑን ስንከፍተው ሦስት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ተጭኖበት አገኘን፦ አንድ ዊንዶውስና ሁለት የተለያዩ የኡቡንቱ እትሞች። መምህሩ አሮጌውን ኡቡንቱ ሳያጠፉ አዲሱን ከጎኑ ጭነው፣ ሁለቱም በአንድ ሆም ፎልደር እንዲጠቀሙ አድርገዋል። በአዲሱ ሲገቡ ሁሉም ደኅና ነው። ወደ አሮጌው ሲመለሱ ግን የዴስክቶፑ ገጽታ ተዛብቷል፤ የአማርኛው ኪቦርድ ከዝርዝሩ ጠፍቷል፤ ፋየርፎክስም የተጠቃሚው ፕሮፋይል ከእርሱ በአዲስ እትም ተከፍቶ ስለ ነበር አልከፍትም ይላል። የዝናቡን መዝገብ ፈልገን ስናገኘው ግን፣ ከአንድ ሺህ በላይ ከሆነው መስመር አንዱ እንኳ አልጎደለም። ታዲያ የተበላሸው ምንድን ነው?

ውድ አንባብያን፣ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ መመለስ ነው። መልሱን የተረዳ ሰው በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለትና ሦስት ኦፕሬቲንግ ሲስተሞችን በሰላም ማኖር ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ሲስተሙ ተበላሸ» እና «ሥራዬ ጠፋ» የሚሉት ሁለት ነገሮች የተለያዩ መሆናቸውን ያውቃል።

ሁለት ሲስተም ለምን አስፈለገ?

እንደሚታወቀው በአገራችን ያለው አብዛኛው የግልና የቢሮ ኮምፒውተር የሚሠራው በዊንዶውስ ነው። ይሁን እንጂ ሊነክስም ለትምህርት ቤቶቻችን ፍጹም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተው ካማራ የተባለው የአየርላንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን እያደሰ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለአፍሪካ አገሮች ትምህርት ቤቶች ሲልክ፣ ከኡቡንቱ የተዘጋጀ ሲስተም ይጭንባቸው ነበር። በዩኒቨርሲቲም የፊዚክስ፣ የሒሳብና የሜትዮሮሎጂ ተመራማሪዎች ብዙዎቹን የስሌት ፕሮግራሞች የሚያገኙት በሊነክስ ላይ ነው። ተማሪዎችም ቢሆኑ ሊነክስን የሚያውቁት ብዙ ጊዜ በችግር ቀን ነው። ፎልደሮችን ደብቆ በምትካቸው «ሾርትከት» የሚያስቀምጠው የፍላሽ ቫይረስ ያስቸገረው ሰው፣ ፍላሹን ሊነክስ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ሲሰካው ጠፉ ያላቸው ፋይሎች እንዳሉ ያገኛቸዋል።

በቅርቡ ደግሞ ሌላ ምክንያት ተጨምሯል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕና በአንጻሩ አዲስ የሆነ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ ዕድሜው የገፋ ኮምፒውተር በደንቡ መሠረት ወደዚያ መሻገር አይችልም። በነፋስ መውጫ ወይም በመካነ ኢየሱስ ለሚገኝ አንድ መምህር አሮጌውን ማሽን ጥሎ አዲስ መግዛት የወራት ደመወዝ ነው። ስለዚህ ዊንዶውሱን ለለመደው ሥራ ትቶ፣ ከጎኑ ሊነክስ መጫን አስተዋይነት ያለው ምርጫ ይሆናል። ችግሩ የሚጀምረው «ፋይሎቼን የት ላስቀምጥ?» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ነው።

የዲስኩ መሬት እንዴት ይከፋፈላል?

ሃርድ ዲስክ ሲገዛ አንድ ወጥ መሬት ነው። ይህን መሬት በድንበር ከፋፍለን እያንዳንዱን ክፍል ራሱን የቻለ ዲስክ እስኪመስል ድረስ ለየብቻ መጠቀም እንችላለን። እያንዳንዱ ክፍል ፓርቲሽን ይባላል። ድንበሮቹ የት እንደ ጀመሩና የት እንዳበቁ የሚገልጸው መዝገብ በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ይጻፋል። በአሮጌው ሥርዓት፣ ማለትም በኤምቢአር፣ ይህ መዝገብ 64 ባይት ብቻ የተመደበለት ሲሆን፣ ለአንድ ፓርቲሽን 16 ባይት ስለሚያስፈልግ ከ4 በላይ ዋና ፓርቲሽን መመዝገብ አይቻልም። ተጨማሪ ካስፈለገ ከአራቱ አንዱን «ኤክስቴንድድ» አድርጎ በውስጡ ሌሎችን መሸንሸን ግድ ነው። ጂፒቲ የተባለው አዲሱ ሥርዓት ግን እንደ ተለመደው አሠራር እስከ 128 ፓርቲሽን ይመዘግባል።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ስሌት እንሥራ። 500 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠ ዲስክ በዊንዶውስ ሲታይ ለምን 465 ይሆናል? ፋብሪካው ጊጋባይት የሚለው 1,000,000,000 ባይትን ነው። ዊንዶውስ ደግሞ የሚቆጥረው በ2 ኃይል 30፣ ማለትም በ1,073,741,824 ባይት ነው። 500 ቢሊዮንን ለዚህ ቁጥር ብናካፍል 465.7 ገደማ እናገኛለን። የጎደለ ነገር የለም፤ የተለያየው ቁናው ነው። ይህን 465 ኋላ እንከፋፍለዋለን።

በእያንዳንዱ ፓርቲሽን ውስጥ ፋይሎች የሚደረደሩበት ሥርዓት ፋይል ሲስተም ይባላል። ዊንዶውስ የሚጠቀምበት ኤንቲኤፍኤስ እ.ኤ.አ. በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር የመጣ ነው። በሊነክስ ዘንድ በስፋት የሚሠራበት ኤክስት4 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ለአገልግሎት ዝግጁ ተባለ። ሊነክስ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል፤ ይጽፍበታልም። ዊንዶውስ ግን ኤክስት4ን በራሱ አያነብም። ይህ አለመመጣጠን የጋራውን ቦታ ስንመርጥ ይወስናል።

ሆም ፎልደር፦ እህልና ምድጃ በአንድ ጎጆ

ኮምፒውተርን ከአንድ በላይ ሰው እንዲገለገልበት ሲታሰብ፣ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ የሆነ ፎልደር ይሰጠዋል። ሆም ፎልደር የሚባለው ይህ ነው፤ ትርጉሙም «ቤት» ነው። ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላቦራቶሪ የተጀመረው የዩኒክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ገና ከጥዋቱ የተጠቃሚዎችን ፎልደር ከሲስተሙ ፕሮግራሞች ለይቶ ያስቀምጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ የጀመረው ሊነክስም ይህንኑ ወረሰ። በሊነክስ የተጠቃሚዎች ቤት በተለምዶ የሚገኘው «ሆም» በተባለው ፎልደር ሥር ነው።

በዚህ ቤት ውስጥ ምን አለ? አብዛኛው ተጠቃሚ «ፋይሎቼ» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ግን ግማሽ ነው። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሦስት ዓይነት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ሥራ ነው፦ የጻፍነው ሪፖርት፣ የመዘገብነው ልኬት፣ ያነሣነው ፎቶግራፍ። ሁለተኛው ቅንብር ነው፦ የዴስክቶፑ መልክ፣ የኪቦርዱ ምርጫ፣ የጫንናቸው ፎንቶች፣ የፋየርፎክስ ፕሮፋይል። ሦስተኛው ፕሮግራሞች ለፍጥነት ብለው ለጊዜው የሚያስቀምጡት፣ ቢጠፋ ተመልሶ የሚሠራ ነገር ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው በሊነክስ ስማቸው በነጥብ በሚጀምር ስውር ፎልደሮች ውስጥ፣ በዊንዶውስ ደግሞ በአብዛኛው «አፕዳታ» በተባለ ስውር ፎልደር ውስጥ ስለሚቀመጡ ዓይን አያያቸውም። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን የተጠቃሚዎች ፎልደር «ዶክመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ» ይባል ነበር፤ «ሰነዶችና ቅንብሮች» ማለት ነው። ስሙ ድብልቁን በግልጽ ይናገር ነበር። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ «ዩዘርስ» በሚል አጭር ስም ተተካ፤ ድብልቁ ግን እንዳለ ቀረ።

በጋይንትም ሆነ በእስቴ አንድ የገበሬ ግቢ የገባ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ሁለት ወንድማማቾች ትዳር ይዘው በአንድ ግቢ ሲኖሩ እህሉን በአንድ ጎተራ ቢያኖሩ አይጣሉም፤ ገብሱ ለሁለቱም ያው ገብስ ነው። ምድጃቸው ግን አንድ ከሆነ ጠብ አይቀርም። አንዷ የጣደችውን ሌላዋ ታወርዳለች፤ አንዷ ያስተካከለችውን ጉልቻ ሌላዋ ታፈናቅላለች። ሥራ እንደ እህል ነው፤ ቅንብር ግን እንደ ምድጃ ነው። ሆም ፎልደር እህሉንና ምድጃውን በአንድ ጎጆ ያኖረ ቤት ነው። ሁለት ሲስተሞች በአንድ ሆም ፎልደር ይጠቀሙ ማለት፣ ጎተራውን ለመጋራት ብሎ ምድጃውንም ማጋራት ነው።

በፊዚክስ ቋንቋም ልንገልጸው እንችላለን። በመኪና ውስጥ የተቀመጠና መንገድ ዳር የቆመ ሁለት ተመልካቾች ስለ አንድ ተሳፋሪ ፍጥነት የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ፍጥነት የሚለካው ከተመልካቹ አንጻር ነውና። የተሳፋሪውን ክብደተ ቁስ ግን ሁለቱም እኩል ይለካሉ። የዝናቡ መዝገብ ከየትኛውም ሲስተም ቢታይ ያው ነው። የዴስክቶፑ ቅንብር ግን ትርጉም የሚኖረው ከጻፈው ሲስተም አንጻር ብቻ ነው።

ግጭቱ እንዴት ይፈጠራል?

አሁን ወደ መምህሩ ላፕቶፕ እንመለስ። አንድ ፕሮግራም በአዲስ እትም ሲወጣ ብዙ ጊዜ የቅንብር ፋይሉን አጻጻፍ ይለውጣል። አዲሱ እትም የአሮጌውን ፋይል እንዲያነብ ተደርጎ ይዘጋጃል፤ ወላጅ የጻፈውን ልጅ ያነባል እንደ ማለት ነው። አሮጌው እትም ግን ገና ያልተፈጠረ አጻጻፍን ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ በአዲሱ ኡቡንቱ አንድ ጊዜ ከገባን በኋላ ወደ አሮጌው ስንመለስ፣ አሮጌው የማያውቀውን መልክት ያገኛል። አንዳንዱ ፕሮግራም ያልገባውን ትቶ ያልፋል፤ አንዳንዱ ይዘጋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ያልገባውን በራሱ ነባር ቅንብር ላዩ ላይ ይጽፍበታል። ከሁሉ የከፋው የመጨረሻው ነው፤ አሁን ደግሞ አዲሱ ይበላሻልና።

ፋየርፎክስ ይህን አደጋ ተረድቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው 67ኛ እትሙ ጀምሮ ራሱን ይጠብቃል። በአዲስ እትም የተከፈተን ፕሮፋይል በአሮጌ እትም ለመክፈት ሲሞከር አስጠንቅቆ ይቆማል። መምህሩ «ማሽኑ አብዷል» ያሉት አንዱ ምልክት ይህ ነበር። ፕሮግራሙ የተጠቃሚውን ንብረት ከጉዳት ለመጠበቅ በሩን ዘጋ እንጂ አላበደም።

የአማርኛ ፎንትና ኪቦርድ ጉዳይም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ዛሬ በዩኒኮድ የተጻፈ ሰነድ በየትኛውም ሲስተም ላይ ፊደሉ ፊደል ሆኖ ይነበባል። ከዚያ በፊት በነበረው የቪዥዋል ግዕዝ ወይም የፓወር ግዕዝ አሠራር የተጻፈ አሮጌ ፈተና ግን ፎንቱ በሌለበት ሲስተም ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። ተጠቃሚው ፋይሉ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል፤ ፋይሉ ግን ደኅና ነው። ፎንቱን የጫነው በሌላኛው ሲስተም ቤት ውስጥ ነውና በዚህኛውም እንደገና መጫን ብቻ ይበቃዋል።

ስም ሳይሆን ቁጥር

ሌላው የግጭት ምንጭ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው። ሊነክስ አንድ ፋይል የማን እንደሆነ ሲመዘግብ የባለቤቱን ስም አይጽፍም፤ ቁጥሩን እንጂ። በኡቡንቱ መጀመሪያ የተፈጠረው ተጠቃሚ ቁጥሩ 1000፣ ቀጥሎ የተፈጠረው 1001 ነው። ስምና ቁጥርን የሚያገናኘው ዝርዝር የሚቀመጠው በሲስተሙ ውስጥ እንጂ በሆም ፎልደር ውስጥ አይደለም።

አንድ የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ሁለት ሊነክስ አለው እንበል። በመጀመሪያው ላይ አልማዝ ቀድማ ተመዝግባ 1000፣ ከበደ 1001 ሆኑ። በሁለተኛው ላይ ከበደ ቀድሞ ስለ ተመዘገበ 1000 እርሱ፣ 1001 እርሷ ሆኑ። ሁለቱ ሲስተሞች አንዱን የሆም ፓርቲሽን ቢጋሩ፣ አልማዝ በመጀመሪያው ላይ የጻፈችው ፋይል በሁለተኛው ላይ የከበደ ንብረት ሆኖ ይቆጠራል። እርሷ በገዛ ፋይሏ ላይ መጻፍ ስትከለከል እርሱ እንደልቡ ይለውጠዋል። ማንም ማንንም አልሰረቀም፤ ሁለቱ ሲስተሞች ለአንድ ቁጥር የሰጡት ስም ስለ ተለያየ ብቻ ነው።

ይህ በምናብ ብቻ ያለ አይደለም። ፌዶራ የተባለው ሊነክስ ለረጅም ጊዜ የመጀመሪያ ተጠቃሚውን ቁጥር ከ500 ይጀምር ነበር፤ ከ1000 መጀመር የያዘው እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው 16ኛ እትሙ ነው። እኔም በውጭ አገር የዶክትሬት ትምህርቴን ስከታተል ሁለት የሊነክስ ዓይነቶችን በአንድ ሆም ፓርቲሽን ላይ ሠርቼ ነበር። አንድ ሌሊት ሙሉ የተሰላ ውጤት ጧት ላስተካክል ስል ኮምፒውተሩ «ፈቃድ የለህም» አለኝ። ስሜ ያው ስሜ፣ የይለፍ ቃሌ ያው የይለፍ ቃሌ ነበር፤ ቁጥሬ ግን ሌላ ነበር። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የራሴ ሲሆን፣ ለመረዳት ግን ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

ታዲያ እንዴት እናድርግ?

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ምክር እናጥራ። «ሆምን በተለየ ፓርቲሽን ላይ አስቀምጥ» የሚለው ምክር ትክክል ነው፤ ሲስተሙን እንደገና መጫን ቢያስፈልግ የሲስተሙ ፓርቲሽን ብቻ ተፎርማት ቤቱ ሳይነካ ይቀራልና። ይህ ግን ለአንድ ሲስተም የተሰጠ ምክር ነው። ለአንድ ሲስተም የተለየ ቤት መሥራትና አንድን ቤት ለሁለት ሲስተም ማከራየት አንድ አይደሉም።

ለሁለትና ሦስት ሲስተም የሚበጀው አከፋፈል እንደሚከተለው ነው። ለእያንዳንዱ ሊነክስ ሆም ፎልደሩን በራሱ ፓርቲሽን ውስጥ እንተውለት፤ በውስጡ የሚኖረው ቅንብር ብቻ ስለሚሆን ብዙ ቦታ አይፈጅም። ለሥራችን ደግሞ አንድ የጋራ ፓርቲሽን እንለይ። ቀደም ሲል ያየነውን 465 ጊጋባይት ብንከፋፍል፦ ለዊንዶውስ 120፣ ለሁለቱ ሊነክሶች 40፣ 40፣ ለማስነሻና ለስዋፕ በድምሩ 5 ብንሰጥ 205 ይሆናል። የቀረው 260 ጊጋባይት ጎተራችን ነው።

የጋራው ፓርቲሽን ሦስቱም ሲስተሞች የሚያነቡት መሆን ስላለበት፣ ዊንዶውስ ባለበት ኮምፒውተር ኤንቲኤፍኤስ ይመረጣል። ፋት32 አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት ከሞላ አይቀበልም። ከዚህም በላይ ኤንቲኤፍኤስ በፋይል ሲስተሙ መዋቅር ላይ የሚያደርገውን ለውጥ አስቀድሞ በማስታወሻ ስለሚይዝ፣ መብራት በድንገት ሲጠፋ ራሱን ለማስተካከል ፋት32 የሌለው ዕድል አለው። መብራት ሳያስጠነቅቅ በሚጠፋበት አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በኮምፒውተሩ ላይ ያሉት ሊነክሶች ብቻ ከሆኑ ግን ኤክስት4 ይሻላል፤ በዚያ ጊዜ የተጠቃሚዎቹ ቁጥር በሁሉም ሲስተም ላይ አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ሲስተም ወደ ጎተራው መምራት ነው። በዊንዶውስ «ዶክመንትስ» በሚለው ፎልደር ላይ በማውሱ ቀኝ ጠቅ አድርገን «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያም «ሎኬሽን» የሚለውን ከፍተን «ሙቭ» በሚለው በኩል አዲሱን ቦታ እንነግረዋለን። በሊነክስ ደግሞ የጋራው ፓርቲሽን ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ራሱ እንዲከፈት ካደረግን በኋላ፣ በሆም ፎልደሩ ውስጥ ባለው «ዶክመንትስ» ምትክ ወደ ጎተራው የሚያመለክት ሲምቦሊክ ሊንክ እናስቀምጣለን። ሊንኩ በር ነው፤ እህሉ ያለው በአንድ ቦታ፣ በሩ ግን በየጎጆው ነው። ስውሮቹን የነጥብ ፎልደሮች ግን ፈጽሞ ወደ ጎተራው አናዛውር።

የዲስኩ አከፋፈል አስቀድሞ ተወስኖ ሁለቱ ሊነክሶች አንድ የሆም ፓርቲሽን መጋራታቸው ግድ ከሆነም መውጫ አለ። በአንዱ ሲስተም ላይ የተጠቃሚውን ስም በአንድ መልክ፣ በሌላው ላይ በሌላ መልክ እንሰይመው፤ ለምሳሌ «ከበደ1» እና «ከበደ2»። ያን ጊዜ በአንዱ ፓርቲሽን ላይ ሁለት የተለያዩ ሆም ፎልደሮች ይፈጠራሉ። ግቢው አንድ፣ ጎጆው ሁለት ሆነ ማለት ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች እንጨምር። አንደኛ፣ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል አሠራር አለ። ኮምፒውተሩን ስንዘጋው ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ከመዘጋት ይልቅ በከፊል እንደ ተኛ ይቆያል፤ የኤንቲኤፍኤስ ፓርቲሽኖቹንም እንደያዛቸው ይቀራል። በዚህ ሁኔታ ሊነክስ ፓርቲሽኑን ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል፤ ወይም ጨርሶ አልከፍትም ይላል። አስገድደን ብንጽፍበት ደግሞ መረጃ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ በዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ውስጥ ገብቶ ፋስት ስታርትአፕን ማጥፋት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ሊነክስ በፋይል ስም ውስጥ የላቲኑን ሁለት ነጥብና የጥያቄ ምልክት ይፈቅዳል፤ ዊንዶውስ ግን አይቀበላቸውም። ሰዓትን በላቲኑ ሁለት ነጥብ በፋይል ስም ውስጥ የሚጽፍ ሰው ፋይሉን በዊንዶውስ ለመክፈት ይቸገራል። የእኛው ሁለት ነጥብ ግን በኮምፒውተሩ ዘንድ ሌላ ምልክት ስለሆነ አይከለከልም።

መለየት መጠባበቂያ አይደለም

እስካሁን የተናገርነው ሲስተም ሲበላሽ ሥራ አብሮ እንዳይጠፋ ነው። ዲስኩ ራሱ ቢሞት ግን በላዩ ያሉት ፓርቲሽኖች ሁሉ አብረው ይሞታሉ። ጎተራን ከምድጃ መለየት ከቃጠሎ ያድነዋል፤ ግቢውን ጎርፍ ቢወስደው ግን ጎተራውም አይተርፍም። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ቅጂ በሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ ላይ፣ በሌላ ቤት ውስጥ መኖር አለበት።

«በኢንተርኔት አስቀምጠዋለሁ» የሚል አንባቢ ይኖራል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ብቸኛ መተማመኛ አያድርገው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር እናስታውሳለን። በዚያን ጊዜ ሥራው በኢንተርኔት ላይ ብቻ የነበረ ተማሪ የራሱን ጽሑፍ ለማየት ይቸገር ነበር። ከወገዳ ወይም ከአርብ ገበያ ለሚነሣ ሰው፣ ኮምፒውተር ለማስጠገን ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር መድረስ እንኳ መንገድና የአልጋ ወጪ ያለበት ነገር ነው። ጎተራውን የለየ ሰው ቅጂ መውሰድም ይቀለዋል። ከስውር ፎልደሮች ጋር ሳይታገል አንዱን ፓርቲሽን ብቻ መገልበጥ ይበቃዋል።

በዚያን ቀን ከመምህሩ ጋር በመጀመሪያ የሠራነው የዝናቡን መዝገብ በሁለት ፍላሽ መገልበጥ ነበር። ከዚያ የጋራውን ፓርቲሽን ለይተን፣ ሰነዶቹን ወደዚያ አዛውረን፣ ለአሮጌው ኡቡንቱ የራሱን ሆም ፎልደር አዲስ ሠራንለት። አሮጌው እንደገና ሲነሣ ዴስክቶፑ ቦታው ላይ ነበር፤ የአማርኛውንም ኪቦርድ መልሰን ጨመርንበት። ፎርማት የተደረገ ነገር የለም። የሦስት ዓመቱ መዝገብ ከሦስቱም ሲስተሞች እኩል ይከፈታል።

አንባቢ ሆይ፣ ወደፊት አንድ ሰው ኮምፒውተርህን አይቶ «ፎርማት ይደረግ» ቢልህ፣ ከመስማማትህ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቀው፦ «የተበላሸው ምድጃው ነው ወይስ ጎተራው?» መልሱን ካላወቀ ላፕቶፕህን ይዘህ ተመለስ። መምህሩ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ ስማዳ ሲመለሱ አንደኛውን ፍላሽ በትምህርት ቤቱ ካዝና፣ ሁለተኛውን በቤታቸው እንደሚያኖሩ ነግረውኛል። ተማሪዎቹም እንደ ወትሮው ጧት በ3 ሰዓት ተራ እየገቡ መለኪያዋን እያነበቡ ነው።